ለጨዋታ የተሰጠ ሰዓት

በ2000 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ በጀመረው ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ጋዜጠኛ መዓዛ ብሩ የሚያዘጋጁት «የጨዋታ እንግዳ»፣ ማለትም አንድ ሰው ሕይወቱን ከልጅነቱ አንሥቶ በራሱ አንደበት የሚተርክበት ረጅም ቃለ ምልልስ፣ ለአገሪቱ የሬዲዮ ጥበብ ያበረከተው ድርሻ ከፍ ያለ ምስጋና ይገባዋል።

የመሰናዶው ብርታት ከሁሉ በላይ በአጠያየቁ ይታያል፤ አዘጋጇ ስለ ሹመትና ስለ ዝና ከማንሣታቸው በፊት ስለ ትውልድ ሰፈር፣ ስለ ወላጆችና ስለ ትምህርት ቤት ይጠይቃሉ፣ እንግዳው ትዝታውን ሲያሰላስል አያጣድፉትም፣ ጨዋታው በአንድ ሳምንት ካላለቀም በሚቀጥለው ይቀጥላል። በዚህ ትዕግሥት የተነሣ፣ መጽሐፍ ጽፈው ያላሳተሙ ሰዎች የሚያውቁት የአንድ ዘመን ወግ፣ የአነጋገሩ ለዛ ሳይቀር፣ በድምፅ ተቀርጾ ይቀመጣል፤ መሰናዶው ባይኖር ኖሮ ብዙው ከባለቤቱ ጋር በተቀበረ ነበር።

የኤፍ ኤም ሞገድ፣ ማለትም በአመዛኙ በቀጥታ መስመር የሚጓዝና ተራራ የሚጋርደው የሬዲዮ ሞገድ፣ ሩቅ አገር ባይደርስም መዲናዋንና ዙሪያዋን በአንድ ጨዋታ ያገናኛል፤ ከሰበታ፣ ከቡራዩና እንጦጦን ተሻግሮ ካለችው ከሱሉልታ በየማለዳው ወደ አዲስ አበባ የሚመላለሰው ሠራተኛም የታክሲው ሬዲዮ ተካፋይ ነው። እንዲህ ያለው ረጅም ጨዋታ በነዚህ ከተሞች በሚነገረው በአፋን ኦሮሞም ሊበዛ የሚገባው ነው። የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት በሚገኝባት በሰበታ ደግሞ የሬዲዮ ጨዋታ ዋጋው ይበልጥ ይጎላል፤ ዓይናማውና ዓይነ ስውሩ አንዱ ከሌላው ሳያንስ እኩል ይታደሙበታልና።