የትሉ ዕድሜ

በኢትዮጵያ ሁለት ዓይነት የቢልሃርዚያ ትል አለ። ማንሶኒ የሚባለው በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ይኖራል፤ በብዙ የአገሪቱ ክፍል አለ። ሄማቶቢየም ግን የሽንት ፊኛን ይይዛል፣ ሽንት በደም ያቀላል። የሚገኝባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ከአዋሽና ከዋቢ ሸበሌ ቆላ ጋር አብሮ የሚነሣው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ፣ ከአሶሳ ወደ ሱዳን ድንበር ሲሄዱ ያለው ኩርሙክ ነው።

መድኃኒት የምንፈትነው በነጭ አይጥ ነው፤ ችግሩ፣ የኩርሙክ ትል አይጥ ውስጥ እንደ ልቡ አያድግም። ሃምስተር ይሻለዋል። አይጥ የሚቀበለው ማንሶኒን ስለሆነ ለኩርሙክ ልጅ ስለሚሰጥ መድኃኒት ስናስብ የምንይዘው በሌላ እንስሳ ሆድ ያለ ሌላ ትል ነው። ይህንን የሚዘነጋ ተማሪ ያጋጥመኛል፤ ውጤቱ ያማረለት ዕለት ደግሞ ይብስበታል።

ሥራው የሚጀምረው ትሉን ከተሸከሙ ቀንድ አውጣዎች ነው። ጨለማ ውስጥ ቆይተው ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ አምፖል ሥር ሲቀመጡ፣ ጭራቸው ለሁለት የተሰነጠቀ እጮች ይለቃሉ። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ይገድላቸዋል፤ ጥሩ ውኃም ውስጥ ቢሆን በሰዓታት ውስጥ ጉልበታቸው ይደክማል። ስለዚህ ጥቂት ጠብታ ወስዶ፣ አዮዲን ጨምሮ፣ በማይክሮስኮፕ ቶሎ መቁጠር ግድ ነው። ጓንትም ያስፈልጋል፤ እጩ የአይጥን ቆዳ ከሰው ቆዳ አይመርጥም። ለአንድ አይጥ ብዙ ጊዜ 100 ያህል እጭ ይበቃል፤ የአይጡን ጭራ እጩ ያለበት ውኃ ውስጥ እንነክራለን። ሁሉም እጭ ገብቶ አያድግም።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። እጩ ቆዳ በስቶ በሳንባ በኩል ጉበት ይደርሳል፣ እዚያ ያድጋል፤ ወንዱና ሴቷ ተጣምረው ወደ አንጀት ደም ሥር ይወርዳሉ። ስድስተኛው ሳምንት ገደማ እንቁላል በሰገራ መታየት ይጀምራል። የሙያው ክብደት ያለው በዚህ ጊዜ ላይ ነው። ለሰው የቢልሃርዚያ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል በኪሎ 40 ሚሊግራም ይሰጣል። የአይጥ ሰውነት መድኃኒቱን ቶሎ ስለሚያስወግደው ለአይጥ በኪሎ በብዙ እጥፍ ይሰጣል። በሰባተኛው ሳምንት ብንሰጠው አብዛኛው ትል ያልቃል። ያንኑ መድኃኒት በአራተኛው ሳምንት ብንሰጥ ግን ትሉን ብዙም አይነካውም፤ ገና ያልጎለመሰ ትል ፕራዚኳንቴልን ይቋቋማል። በአንጻሩ አርቴሜተር የሚባለው መድኃኒት በወጣቱ ትል ላይ ይበረታል። ቀን ያልተመዘገበበት ኬጅ ለእኔ ባዶ ኬጅ ነው።

መቁጠሩም ተንኮል አለው። መድኃኒቱ የትሉን ጡንቻ ያኮማትርና ከደም ሥሩ ግድግዳ ያላቅቀዋል፤ ትሉም በደሙ ተገፍቶ ጉበት ውስጥ ይከማቻል። አይጡን ቶሎ ብትከፍቱት ሊሞት የቀረበውን ከሚተርፈው ጋር ትቆጥራላችሁ። ሁለት ሳምንት ያህል መታገሥ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ደሙ እንዳይረጋ አድርጎ የደም ሥሩን በጨው ውኃ ማጠብና ጥንዱን፣ ነጠላውን፣ በጉበት የቀረውን ለየብቻ መጻፍ ነው።

የአይጡ ሙከራ የጎደለው ሌላም ነገር አለ፤ ወንዝ። አይጡ ውስጥ እጩ የገባው በአንድ ቀን ነው፤ ትሎቹ ሁሉ እኩዮች ናቸው። ወርቅ ሊያወጣ ጅረት ውስጥ ለሰዓታት ቆሞ አሸዋ የሚያጥብ ሰው ወይም በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የሚዋኝ ልጅ ግን ሰውነቱ ውስጥ የሁሉም ዕድሜ ትል ይኖራል። ክኒኑን ሲውጥ ትልልቆቹ ይሞታሉ፣ ትናንሾቹ ያመልጣሉ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላም እንቁላል መጣል ይጀምራሉ።

ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አክሊሉ ለማ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይቶ የተከተለው መንገድ ከእኔ የተለየ ነው። እርሱ ያነጣጠረው ትሉ ላይ ሳይሆን ቀንድ አውጣው ላይ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አግኝቶበታል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ በስሙ ይጠራል። ኑሮዬ አይጥ ሆኖ ሳለ ይህን ማለቴ ሊያስገርም ይችላል፤ ግን ለወንዙ ጥያቄ ኬጁ መልስ የለውም፣ የእርሱ መንገድ አለው።

ኬጁ መልስ የሚሰጠው ለጊዜው ጥያቄ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ሁለተኛ መጠን መስጠት ያመለጡት ትሎች እስኪጎለምሱ ጠብቆ መምታት ነው። ይህን ያስተማረን አይጡ ነው፤ የሄማቶቢየም ወጣት ትልም ፕራዚኳንቴልን ስለሚቋቋም ሐሳቡ ለኩርሙክም ይሠራል። እንግዲህ ከዚያ አካባቢ «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚል ዘገባ ሲደርሰኝ፣ ትሉ መድኃኒቱን ተላምዷል ከማለቴ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፤ ሰውየው ውኃ ውስጥ መጨረሻ የገባው መቼ ነው? ሽንቱስ የተመረመረው ክኒኑን ከዋጠ በስንተኛው ሳምንት ነው?