ቅጠል የሌለው ዛፍ

ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ገብቶ ባዶ እጁን የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው። ግድግዳው ትዝ የሚለን ግን መጋረጃውና ምንጣፉ ከተገዛ በኋላ ነው። ያኔም የምንጠይቀው «ከሶፋው ጋር የሚሄድ ሥዕል» ነው።

እስቲ ለአንድ ጊዜ የሆላንዳዊውን የፒየት ሞንድሪያንን «ግራጫ ዛፍ» ቅጂ እንስቀል። እ.ኤ.አ. በ1911 የተሳለ ነው። እንግዳ ሲመጣ «ምነው ቅጠል የለው?» ማለቱ አይቀርም። ይበል! ሰውዬው ቀደም ሲል ዛፍን በደማቅ ቀይና ሰማያዊ ስሎ ነበር። ኋላ ቀለሙን ቀነሰ፣ ቅርንጫፉን ወደ መስመር ለወጠ፤ በመጨረሻ ዛፉ ራሱ ጠፍቶ ቀጥ ያለው መስመር ብቻ ቀረ። ይህን ዕለት ዕለት ያየ ሰው ከዚራ ጥላ ሥር ሲያልፍ ቀና ብሎ ቅርንጫፉን ያያል። ከሶፋው ጋር የሚሄደው ሥዕል ግን ከሶፋው ጋር ይሄዳል።

የሚቆጨው ሌላ ነው። ረቂቅ ሥዕልን ለአገራችን ካስተዋወቁት አንዱ ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1932 የተወለደው እዚሁ ጎረቤታችን ሐረር ነው። ሥራዎቹን ለማየት ግን አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲው በስሙ ወደሰየመው ማዕከል መሄድ አለብን። ቅጂውስ ሳሎናችን ቢገባ? ነጋዴውን አንውቀስ፤ ነጋዴ የተጠየቀውን ያመጣል። እኛ ጠይቀን እናውቃለን?