ሸሞንሟናዬና የኪቦርዱ ዋጋ

አየር ጤና፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ የሚኖር አንድ ጎረቤቴ በየሠርጉ ኪቦርድ ይጫወታል። ኪቦርዱ ግን የእርሱ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት ተከራይቶ ያመጣዋል፤ እሑድ ጠዋት ይመልሰዋል። በቀደም የኃይሉ መርጊያን «ሸሞንሟናዬ» አብረን ስናዳምጥ፣ «ይህን ድምፅ ለማውጣት ስንት ብር ይበቃል?» ሲል ጠየቀኝ። የሙዚቃ ሒስ ልጽፍ ተቀምጬ ስለ ገንዘብ የማወራው በእርሱ ጥያቄ ሳቢያ ነው።

ኃይሉ የዋልያስ ባንድ አባል ሆኖ በሒልተን ሆቴል ሲጫወት ቆይቶ በ1981 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄደና እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮን፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ያማሃ ዲኤክስ 7ና የምት ማሽን ብቻውን አደራርቦ ይህን ካሴት ቀዳ። ባሕር ዳር ላይ ከተገኘ አንድ ካሴት ተነሥቶም በ2013 ለዓለም እንደገና ታተመ።

የምት ማሽኑ ግትር ነው፤ ዘፋኝ ትንፋሽ ሲወስድ አይጠብቅም። አኮርዲዮኑ ግን በላዩ ላይ ዘግየት፣ ቀደም እያለ ይተነፍሳል። የካሴቱ ውበት፣ እንደ እኔ ጆሮ፣ በዚህ አለመስማማት ውስጥ ነው። «ኪቦርድ ዘፈናችንን ገደለው» ለሚሉን ወገኖች ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ሚኒሙግ በ1970፣ 1,495 ዶላር ያህል ነበር። ዲኤክስ 7 በ1983 ሲወጣ ወደ 2,000 ዶላር ተጠጋ። ሰው ሁሉ ነጋዴውን ይወቅሳል፤ ነገሩ ግን ከፋብሪካው ይጀምራል። አንድ ምጣድ ተገዝቶ ሺህ እንጀራ ቢጋገርበት የምጣዱ ዋጋ ለሺህ ይካፈላል፤ ዐሥር ብቻ ቢጋገርበት ግን እያንዳንዱ እንጀራ የምጣዱን ዕዳ ይሸከማል። ለጥቂት ባለሙያዎች ብቻ የሚሠራ የሙዚቃ መሣሪያም እንዲሁ ነው፦ መሐንዲሶቹ የደከሙበት ዓመታት፣ የብረት ሣጥኑ፣ አንድ በአንድ የሚገጠመውና የሚፈተሸው መዘውር ሁሉ በጥቂት ገዢዎች ላይ ይወድቃል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ማጓጓዣው፣ ቀረጡና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ይደረብበታል። በሐምሌ 2024 ብር በገበያ እንዲመራ ሲደረግ ደግሞ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

ጉዳቱ ከኪስ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። የአንድ ሌሊት ተከራይ መሣሪያውን አይማረውም። ፋብሪካው አዘጋጅቶ የላከውን ድምፅ ተጭኖ ይጫወታል፤ አንቺ ሆዬ የሚፈልገውን ቅኝት ፍለጋ ቁልፎቹን ሲነካካ የሚያድርበት ጊዜ የለውም። በእርግጥ ዲኤክስ 7ን ገዝተው ቤታቸው ያስቀመጡ ፈረንጆችም አብዛኞቹ ከተዘጋጁት ድምፆች አላለፉም፤ አስቸጋሪ መሣሪያ ነበርና። ስለዚህ መግዛት ብቻውን ጌታ አያደርግም። ኃይሉ ራሱ በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ በኖረባቸው ዓመታት ተሳፋሪ እስኪመጣ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ኪቦርድ እያወጣ ይለማመድ ነበር። ያ ኪቦርድ ሙግ አልነበረም፤ ግን ሁልጊዜ አጠገቡ ነበር።

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ነገርኩት። ሳቀ። እሑድ ጠዋት ኪቦርዱን በነጠላ ጠቅልሎ ሚኒባስ ሲሳፈር አየሁት፤ ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ ጠየቀው።