ስለ ቋጠሮ፤ የኤል አናትሱይ ግብረ እድ በሐራጅ ፊት

እ.ኤ.አ. በ2012 «አዲሱ የዓለም ካርታ» የተሰኘው የኤል አናትሱይ ቅርጻ ቅርጽ ለንደን ውስጥ በቦንሃምስ የሐራጅ ቤት በ541,250 ፓውንድ ከተሸጠ፣ በ2015ም ቬኒስ ላይ ለዕድሜ ዘመን ሥራው የወርቅ አንበሳ ሽልማት ከተሰጠው ወዲህ፣ ስለዚህ ጋናዊ ጠቢብ የሚጻፈው ሐተታ አብዛኛው ከዋጋው ተነሥቶ ወደ ሸማ የሚያመራ ሆኗል፤ አባቱ የኬንቴ ሸማኔ ነበሩና፣ ሥራውም ከግድግዳ ላይ እንደ ጋቢ እየታጠፈ ይወርዳልና። ስለ ዋጋው ብዙ የምለው የለኝም። ሸማ መባሉ ግን ከወዳጆቹ የደረሰበት በደል ይመስለኛል።

ሸማ ድርና ማግ አለው፤ ድሩ አስቀድሞ ይዘረጋል፣ መወርወሪያው እየተመላለሰ ማጉን ያገባል፣ የጨርቁም ወርድ ገና ከመጀመሪያው በድሩ ተወስኖ ያድራል። አናትሱይ ከ1975 ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ባስተማረባት በናይጀሪያዋ ንሱካ አጠገብ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ተጥሎ ባገኘው አንድ ከረጢት የአረቄ ጠርሙስ ክዳን የጀመረው ሥራ ግን ድርም ማግም የለውም። ክዳኑ ይጠፈጠፋል፣ ወይም ይጠማዘዛል፣ ወይም ተቆርጦ ቀለበት ይሆናል፤ ከዚያም ጠርዙ ይበሳና በቀጭን የመዳብ ሽቦ ከጎረቤቱ ጋር ይታሰራል። ዘመድ ይፈለግለት ከተባለ፣ የጥንት ጦረኞች የሚለብሱት ጥሩር ይቀርበዋል፤ ጥሩር ብረት ሆኖ ሳለ ከገላ ጋር የሚታጠፈው፣ እያንዳንዱ ቀለበት በባልንጀራው ውስጥ ጥቂት መላወሻ ስላለው ነውና።

የሥራው ምሥጢር በዚያች መላወሻ ውስጥ ነው። ሽቦው ጠበቅ ተደርጎ ከታሰረ አሉሚኒየሙ እንደ ሰሌዳ ይደርቃል፤ ላላ ካለ ክብደቱ ወደ ታች ይስበውና ተመልካች ሁሉ የሚያደንቀው እጥፋት ይወለዳል። እንግዲህ እጥፋቱ የቋጠሮው ልጅ ነው። ወርዱን አስቀድሞ የወሰነ ድር ስለሌለም በየትኛውም ወገን ሊቀጠል ይችላል፤ ብዙ እጆች ለየብቻ ያሰሯቸው ክፍሎች ወለል ላይ ተዘርግተው ቦታ ይለዋወጣሉ፣ ኅብራቸው እስኪስማማም ድረስ ይፈታሉ ይታሰራሉ። ጠቢቡም የመጨረሻውን አሰቃቀል ለሚያሳዩት ሰዎች ስለሚተውላቸው ሥራው ከአንድ አዳራሽ ወደ ሌላው ሲዛወር መልኩን ይለውጣል፤ በሐራጅ መዝገብ የሚሰፍረው ቁመትና ስፋት ስለዚህ የአንድ ቀን መልክ ብቻ ነው።

አረቄው ከአውሮፓውያን ንግድና ከባርነት ጋር ያለው ታሪክ በሌሎች ዘንድ በሰፊው ስለ ተተነተነ አልደግመውም። በቋንቋችን ግን «ጥበብ» የልቡናንም ዕውቀት፣ በቀሚስ ጠርዝ የሚወርደውንም ጥለት በአንድ ስም ስለሚጠራ፣ የእኛ አንባቢ ለሸማው ምሳሌ ቶሎ እንደሚሸነፍ እረዳለሁ። ጠቢቡ ራሱም በብሪቲሽ ሙዚየም ለሚገኙት ለቀደሙት ሥራዎቹ «የወንድ ልብስ»፣ «የሴት ልብስ» የሚል ስም ሰጥቷቸዋል። ይሁንና ስም አሠራርን አይተካም። እነዚያን ሁለቱን ከኋለኞቹ ግዙፋን አብልጬ እወዳቸዋለሁ፤ ዓይን ከመላው አካል ወደ አንዲት ቋጠሮ ወርዶ እንደገና ለመውጣት አይደክምባቸውም። በ2023 በለንደኑ ቴት ሞደርን፣ በተርባይን አዳራሽ ጣሪያ ሥር እንደ መርከብ ሸራ የተወጠረው ሥራ ግን፣ ግርማው ባይካድም፣ ቋጠሮውን ለርቀት ሠውቶ በመጠኑ ብቻ ያስደንቃል፤ ይህም በእኔ ሚዛን ጉድለት ነው።

ከዚህም የሚከፋ ነገር አለ። አናትሱይ በንሱካ ብዙ ወጣቶችን ይዞ እንደሚሠራ ከቶ ሰውሮ አያውቅም፤ ሐራጁ ግን የአንድ ሰው ስም ይጠራል፣ በአንድ ሰው ስም ይሸጣል። በሽቦ ጫፍ እየተወጋ ያን ሁሉ ክዳን አንድ በአንድ ያሰረ እጅ በመዝገቡ ላይ አንዲት መስመር እንኳ ማጣቱ ነውር ነው፤ ገዢው የሚከፍለው አብዛኛው ገንዘብ ለእነዚያ ጣቶች ትዕግሥት ነውና።

ስለዚህ የሐራጅ መዝገብ የሚጽፉ ሰዎች ከቁመትና ከስፋት አስቀድመው ቋጠሮውን ይጻፉ፤ ጥብቅ ይሁን ልል፣ ክዳኑ የተጠፈጠፈ ይሁን የተጠማዘዘ፣ ስንት ሰውም እንዳሰረው።