የወለቃ ሸክላና ያልተጻፈው ስም

በሽኩና ኣሌፍ ወደ ብዙ ወገኖቻችን ቤት ሲገባ ከመደርደሪያው ላይ ጥቁር የሸክላ ምስል አይጠፋም። ኦሪት የታቀፉ ቄስ፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ እንስራ የተሸከመች ልጃገረድ፣ አንዳንዴም ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ ባንድ አልጋ ላይ። ምስሉን ገልብጠን መቀመጫውን ብናይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሠሪዋ ስም የለበትም። ስለ ሥራው ውበትና ስለዚህ ጉድለት ጥቂት ለማለት እንወዳለን።

እናቶቻችን ሸክላ የያዙት ለጌጥ አልነበረም። ርስት የተነፈገ ሕዝብ በእጁ ሥራ ማደር ነበረበትና ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸማ ሠራ፤ ሴቷ ጭቃ አቦካች። ቀን ምጣድና ጀበና የገዛው ጎረቤት ማታ «ቡዳ» ይለን ነበር። ምስል መሥራት የተስፋፋው ከጎንደር ከተማ አጠገብ ባለችው ወለቃ የውጭ አገር ጎብኚ መመላለስ ሲጀምር ነው። ጎብኚ ምጣድ ተሸክሞ አይሄድም፤ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ነገር ይፈልጋል። እናቶቻችንም የንግድ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ይህን ተረድተው፣ የተሰደቡበትን ሙያ ለገበያ አበቁት። እ.ኤ.አ. በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሕዝብ ሲመጣ ሙያውም አብሮ መጣ። በወለቃ የቀሩት ጎረቤቶችም ምስሉን እየሠሩ መሸጡን ቀጠሉ።

በእኛ አስተያየት ከምስሎቹ ሁሉ ደካማው የሰሎሞንና የሳባው ነው። ለገዢ ተብሎ ስለሚሠራ አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። ልጅ ያዘለችው እናት ግን ሌላ ናት። የአንገቷ ማዘንበል፣ የአንቀልባው አስተሳሰር፣ ይህን ሁሉ ሠሪዋ ከራሷ ጀርባ ታውቀዋለች። እዚህ አገር ጭቃው ከሱቅ ይገዛል፣ በኤሌክትሪክ ምድጃም ይተኮሳል፤ በሜዳ እሳት የሚመጣው የጭስ ጥላ ጠፍቷል። በዚህ አንከፋም። በሦስተኛ ፎቅ ሰገነት ላይ ኩበት ይንደድ የሚል የለም! ያለ መንኮራኩር በጣት እየተደረበ መሠራቱ ከቀረ ግን ነገሩ የፋብሪካ ዕቃ ይሆናል።

ስሙን በተመለከተ ሩቅ አገር ያለ ምሳሌ አለ። በሰሜን ካናዳ የሚኖሩት ኢኑዊቶች ድንጋይና አጥንት የመቅረጽ የአባቶች ሙያ ነበራቸው። ጄምስ ሂውስተን የተባለ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1948 ወደ አገራቸው ሄዶ ትናንሽ ቅርጾችን ካየ በኋላ ሥራቸው በደቡብ ከተሞች ይሸጥ ጀመር። ወዲያው አስመሳይ ዕቃ በዛ። በ1958 የካናዳ መንግሥት የበረዶ ጎጆ ሥዕል ያለበት ምልክት አወጣ፤ ከ2017 ጀምሮ ግን ምልክቱን የሚያስተዳድረው የኢኑዊት የኪነ ጥበብ ፋውንዴሽን ነው። በኪንጋይት መንደር በ1959 የተቋቋመው የኅብረት ሥራ ማኅበር የሠዓሊዎቹን ስም አሳወቀ። ከነዚያ አንዷ ኬኖጁዋክ አሼቫክ ስትሆን፣ በ1960 የሠራችው የጉጉት ሥዕል በ1970 በካናዳ ቴምብር ላይ ወጣ። ስሟ ባይጻፍ ኖሮ «የኤስኪሞ ሥዕል» ተብሎ ይቀር ነበር።

የእኛም «የኢትዮጵያ ሸክላ» ተብሎ እየቀረ ነው። ሙያውን ከወለቃ ይዘው የመጡት እናቶች እያረጁ ናቸው። ዕብራይስጥ አቀላጥፈው የሚናገሩ፣ የሱቅ ፈቃድና የግብር ነገር የሚገባቸው የልጅ ልጆች ደግሞ አሉ። ጭቃው ሳይደርቅ በምስሉ መቀመጫ ላይ የሠሪዋንና የተማሩበትን መንደር ስም በአማርኛና በዕብራይስጥ ይጻፉ። እናቲቱ ፊደል ካልቆጠሩ የልጅ ልጃቸው ትጻፍላቸው፤ እሾህ ይበቃታል።