«አትድከሚ» ማለት ምክር ነውን? ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚሰጠው የእንቅስቃሴ መመሪያ የቀረበ ሂስ

ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ ተነሥቶ ወደ ፒያሳ ለሚሄድ እግረኛ የቸርችል ጎዳና ዳገት ነው። ዳገቱ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ወደቆመበት ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ያደርሳል፤ ከዚያም ወደ ማዘጋጃ ቤት ይቀጥላል። ጤነኛ ሰው ጨዋታውን ሳያቋርጥ ይወጣዋል። ልቡ በቀዶ ሕክምና ተጠግኖ ከሆስፒታል ለወጣ ሰው ግን ዳገቱ ጥያቄ ነው፤ ልውጣው ወይስ ልተወው? ብወጣውስ የት ላይ ልረፍ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እኛ የጤና ባለሙያዎች ለዚህ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ በቂ መሆን አለመሆኑን መመርመር ነው።

እንደሚታወቀው የልብ ቀዶ ሕክምና በአገራችን ለረጅም ጊዜ ብርቅ ነበር፤ ዕድል የቀናው ሕመምተኛ ወደ ውጭ አገር ይላካል፣ ያልቀናው ወረፋ ሲጠብቅ ይሞታል። በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት የተቋቋመው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያሠራው የልብ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ይህ ሁኔታ እየተለወጠ መጥቷል። ሆኖም ወረፋው ዛሬም ረጅም ነው። አንድ ሕመምተኛ ቀዶ ሕክምናውን እስኪያገኝ ድረስ የሚከፈለው ዋጋ፣ በገንዘብም በጊዜም በጭንቀትም፣ እጅግ ከባድ ነው። እንዲህ ባለ ዋጋ የተጠገነ ልብ ከሆስፒታል ሲወጣ አብሮት የሚወጣው የእንቅስቃሴ መመሪያ ግን ብዙውን ጊዜ ከአንዲት ዓረፍተ ነገር አያልፍም፤ «ከባድ ሥራ እንዳትሠሪ፤ ዕረፍት አድርጊ» የምትል።

ይህች ዓረፍተ ነገር ስሕተት ናት ለማለት አይደለም። የደረት አጥንት ተሰንጥቆ የተሰፋለት ሰው አጥንቱ እስኪገጥም፣ ይኸውም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ድረስ፣ ከባድ ነገር ማንሣት፣ መግፋትና መጎተት የለበትም። ጉድለቷ መጠንም ሆነ ማብቂያ የሌላት መሆኗ ነው። ዋርፋሪን ስናዝዝ ሚሊ ግራሙንና ሰዓቱን እንጽፋለን፤ የሚቀጥለውን የደም ምርመራ ቀን እንቆርጣለን። እንቅስቃሴን ስናዝዝ ግን «ከባድ» የሚለውን ቃል ትርጉም ለቤተ ሰብ እንተዋለን። ቤተ ሰብም በፍቅር ይተረጉመዋል፤ እናት ልጇን እንደ እንቁላል ትጠብቃታለች፤ «አትድከሚ» ትላታለች፤ ደጅ መውጣቷም ያስፈራታል። በ3ኛው ወር ሊያበቃ የሚገባው ጥንቃቄ በ3ኛው ዓመት እንደ ጸና ይገኛል። ቀዶ ሕክምናው የሰጠው አቅም ሥራ ላይ ሳይውል ይቀራል።

ለመሆኑ ምርምሩ ምን ይላል? ልባቸው የደም ሥር ጥበት ባገኘው ሕሙማን ላይ የተደረጉት ጥናቶች ብዙ ናቸው፤ በእንቅስቃሴ ላይ የተመሠረተ የልብ ተሐድሶ ሕክምና በልብ ሕመም ምክንያት የሚደርስ ሞትንና ተመልሶ ሆስፒታል መተኛትን እንደሚቀንስ የኮክሬን ግምገማዎች ደጋግመው አሳይተዋል። የልብ በር ቀዶ ሕክምና ስለተደረገላቸው የምናውቀው ግን ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ያገኛቸው ጥናቶች 6 ብቻ ሲሆኑ፣ በጠቅላላው የተሳተፉት 364 ሰዎች ናቸው። ከእነዚህ ታዋቂው በዴንማርክ በ147 ታካሚዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት ነው። ለ12 ሳምንታት፣ በሳምንት 3 ጊዜ እንቅስቃሴ ያደረጉትና ከነርስ ጋር በየጊዜው የተወያዩት ታካሚዎች በ4ኛው ወር ሲለኩ ከፍተኛው የኦክስጅን አጠቃቀማቸው በኪሎ ግራም ክብደት በደቂቃ 24.8 ሚሊ ሊትር ሆኖ ተገኘ፤ የተለመደው ክትትል ብቻ የተደረገላቸው ደግሞ 22.5 ነበሩ። በአእምሮ ጤና መለኪያ በኩል ግን ልዩነት አልታየም።

ጥናቱ በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ ውጤቱም ዋጋ አለው። ይሁን እንጂ ከቴዎድሮስ አደባባይ ሆኖ ለሚያነበው ባለሙያ ሁለት ጥያቄዎችን ያስነሣል።

አንደኛው «ማን ላይ?» የሚለው ነው። የዴንማርኩ ጥናት ታካሚዎች በአብዛኛው በ60ዎቹ የዕድሜ ክልል የሚገኙ፣ በሩ በእርጅና የደከመባቸው ሰዎች ናቸው። የእኛ ሕመምተኛ ሌላ ነው። ኢትዮጵያም የተካፈለችበት የሩማቲክ የልብ ሕመም ዓለም አቀፍ መዝገብ በአፍሪካ፣ በሕንድና በየመን 3,343 ሕሙማንን መዝግቦ መካከለኛ ዕድሜያቸው 28 ዓመት፣ ከ3ቱ 2ቱ ሴቶች መሆናቸውን አሳይቷል። በመዝገቡ የተካተቱት ሁሉ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው አይደሉም፤ ነገር ግን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍላችን የሚመጡት ከእነዚሁ ወገን ናቸው። እንዲህ ያለችው ሕመምተኛ ጡረታ የወጣች አይደለችም። ሊጥ ታቦካለች፤ እንጀራ ትጋግራለች፤ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ትሸከማለች፤ ወደ ትምህርቷ ወይም ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ውሃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። «ከባድ አታንሺ» ስንላት ይህን ማለታችን መሆኑን ካልነገርናት ምንም አልነገርናትም። በሰሙነ ሕማማት የምትሰግድ ከሆነችም በእጅ ተደግፎ መውደቅና መነሣት ገና ባልጠና የደረት አጥንት ላይ ምን እንደሚያደርስ ማስረዳት ይገባል። ይህን የውጭ አገር መመሪያ አይጽፍልንም።

ሁለተኛው ጥያቄ «እስከ መቼ?» የሚለው ሲሆን፣ የዚህ ሂስ ዋና ነጥብም እርሱ ነው። ጥናቶቹ በአብዛኛው የሚለኩት ባለሙያ በቅርብ ሲከታተል የሚገኘውን ውጤት ነው። ቀጠሮው ሲያበቃ፣ የሚጠራ ሰው ሲጠፋ፣ ታካሚው ብቻውን ዳገቱ ሥር ሲቆም ምን ይሆናል? በሰውነት እንቅስቃሴ የተገኘ አቅም እንደ ተተካ የልብ በር ተሰፍቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፤ ሲቋረጥ በሳምንታት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል። ስለዚህ የተሐድሶ ሕክምና ፈተናው ማስጀመሩ ሳይሆን ማስቀጠሉ ነው። ያቋረጠውን ሕመምተኛ ሰነፍ ማለት ይቀናናል። ቀረብ ብለን ብንጠይቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ፍርሃት ነው፤ የልቡ ምት ሲፈጥን «በሩ ሊበጠስ ነው» ብሎ ይሰጋል፤ የብረቱን በር ድምፅ በሰማ ቁጥር ይደነግጣል። ይህ ምት ጤናማ መሆኑን የነገረው የለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ለልብ ተሐድሶ የተዘጋጀ አዳራሽና በቂ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እስኪኖረን እንጠብቅ የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ እውነትነት ቢኖረውም ለመዘግየት ምክንያት አይሆንም። በቤት የሚደረግ ተሐድሶ በማዕከል ከሚደረገው ጋር ሲነጻጸር ተቀራራቢ ውጤት እንዳለው የኮክሬን ግምገማዎች አሳይተዋል፤ ይህም በአመዛኙ በሌሎች የልብ ሕሙማን ላይ የተገኘ ቢሆንም መንገዱን ያመለክታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ብዙ አገሮች የሚመኙት አንድ ነገር በእጃችን አለ፤ ሕመምተኞቻችን ተመልሰው ይመጣሉ። የብረት በር የተተካላት ሴት ለአይ ኤን አር ምርመራ ትመጣለች፤ የሩማቲክ ሕመምተኛዋ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ልትወጋ ትመጣለች። መርፌውን የሚወጋው ነርስ «እህቴ፣ በዚህ ሳምንት ስንት ቀን ተራመድሽ? ስንት ደቂቃ? ምን አስቆመሽ?» ብሎ መልሱን በካርዷ ላይ ቢጽፍ ከ2 ደቂቃ አይበልጥበትም። በሚቀጥለው ቀጠሮ የሚጠየቅ ነገር ደግሞ አይረሳም።

የሚታዘዘውም መጠን ሊጻፍ ይችላል። ሐኪሟ ከፈቀደ በኋላ በደልዳላ መንገድ በቀን ጥቂት ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በመራመድ ትጀምር፤ በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ እየጨመረች ያለማቋረጥ 30 ደቂቃ ትድረስ። ዳገት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ለዳገቱ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። የልብ ምትን ቆጥሮ መጠን ማበጀት የምት መዛባት ላለባትና ምት የሚያዘገይ መድኃኒት ለምትወስድ አያስተማምንም፤ የሚሻለው ንግግር ነው። እየተራመደች ማውራት ከቻለች መጠኑ ልክ ነው፤ ቃል ለማውጣት ትንፋሽ ካጠራት ታዝግም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ግጭትና መውደቅ ከሚያስከትል ጨዋታ ትራቅ። የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ በዕረፍት ጊዜ ትንፋሽ ማጠር፣ የእግር እብጠት፣ ትኩሳት፣ የማይቆም ደም፣ ድንገተኛ የእጅና የእግር መዛል ወይም የንግግር መተሳሰር ሲያጋጥም እንቅስቃሴውን አቁማ ሳትውል ሳታድር ወደ ሕክምና እንድትሄድ ይነገራት።

በመጨረሻም ቤተ ሰቡን ከደጅ ማቆየት የለብንም። «አትድከሚ» የምትለው እናት ከሆስፒታል በምትወጣበት ቀን ከልጇ ጋር ተቀምጣ ምክሩን ብትሰማ፣ ከዚያም በኮሪደሩ ላይ አብራት ብትራመድ፣ ጠባቂ መሆኗ ቀርቶ የመንገድ ጓደኛ ትሆናለች። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት በፒያሳ አካባቢና በሌሎች ጎዳናዎች የእግረኛ መንገዶች ሰፍተዋል፤ መንገዱ ካለ የጎደለው የእኛ ቃል ነው። ከዚያው ልማት ጋር ከፒያሳ ወደ ሌላ ሰፈር የተዛወረችውን ሕመምተኛ ደግሞ «አሁን የት ትራመጃለሽ?» ብለን ልንጠይቃት ይገባል።

የቀዶ ሕክምና ባለሙያው ሥራውን ደረቱን ሰፍቶ ይጨርሳል። የቀረው የእኛ ነው፤ በወረቀት ላይ የተጻፈ መጠን፣ በካርድ ላይ የሰፈረ ጥያቄ፣ በየቀጠሮው የሚደገም ማበረታቻ። ያቺ ሕመምተኛ አንድ ቀን ከእናቷ ጋር እያወራች፣ ትንፋሽ ሳያጥራት ቴዎድሮስ አደባባይ ስትደርስ ሕክምናው ተፈጸመ ለማለት እንደፍራለን።