ድልድዩ፣ ሠርጉና ከአንገት የተንጠለጠለው ጽሑፍ

ሆሳዕና ውስጥ በሕዝብ ግንኙነት ሥራ ስቀጠር የመጀመሪያው ኃላፊነቴ አንድ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ማዘጋጀት ነበር። ሳምንታት ሙሉ የተጨነቅሁት ስለ ባነሩ ስፋት፣ ስለ ቲሸርቱ ቀለም፣ ስለ ሞንታርቦውና ስለ ክብር እንግዳው ወንበር ነው። ቀኑ ደረሰ፤ አዳራሹ ሞላ፤ ንግግር ተደረገ፤ የውሎ አበል ተፈርሞ ተወሰደ። ሰው ሲበተን አንዲት እናት በር ላይ አግኝተውኝ «ልጄ፣ የዛሬው ስብሰባ ለእኛ ምን ነበር?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በጎረቤታችን በከምባታ በ1995 ዓ.ም. የሴት ልጅ ግርዛትን በመቃወም የተደገሰውን አንድ ሠርግ እንደ ሕዝብ ግንኙነት ሥራ እንድመረምረው ያደረገኝ ይህ ጥያቄ ነው። ሠርጉ ብቻውን አልመጣም፤ ከጀርባው የአንዲት ሴት የመጀመሪያ መድረክ አለ። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ዛቶ በምትባል የከምባታ መንደር ተወልደው፣ በኢየሩሳሌምና በአሜሪካ ተምረው፣ በ1989 ዓ.ም. ገደማ ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመለሱ። የመጀመሪያ ንግግራቸውን ያደረጉት በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ ርእሱም በዚያን ጊዜ በአደባባይ የማይነሳው ኤችአይቪ ነበር። ከንግግሩ በኋላ የተረዱት ግን ሕዝቡ ገና እንዳላመናቸው ነው። የአካባቢው ሰው የራሱ ጭንቀት ነበረው፤ ድልድይ የለም፣ ልጆች ትምህርት ቤት መድረስ፣ ነጋዴዎች ገበያ መውጣት ይቸግራቸዋል። ቦጋለችና እህታቸው ፍቅርተ ገብሬ ገንዘብ አምጥተው ድልድዩ እንዲሠራ አደረጉ። የሴት ልጅ ግርዛትን የታገለው «ከምባቲ መንቲ ጌዚማ» የተባለው የሴቶች ድርጅታቸው በእግሩ የቆመው ከዚያ ወዲህ ነው።

በእኔ ዓይን ከሥራው ሁሉ የላቀው ይህ ክፍል ነው። አንድ ጀማሪ የመጀመሪያ መድረኩ እንዳሰበው ሳይሆን ሲቀር ብዙውን ጊዜ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ባነር ይጨምራል፤ ሌላ መድረክ ይጠራል። ቦጋለች ንግግሩን አቆዩትና የሕዝቡን ጥያቄ ተቀበሉ። ድልድዩ ስለ ኤችአይቪም ስለ ግርዛትም አንዲት ቃል አይናገርም። ነገር ግን በየቀኑ የሚሻገርበት ሰው ሁሉ እነዚህ ሴቶች ሰምተው እንደነበር ያውቃል። ከዚያ በኋላ በየቀበሌው ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም ተቀምጠው የሚመክሩበት የማኅበረሰብ ውይይት ተጀመረ፤ እድሮችም ገቡበት።

ሠርጉ የዚህ ሁሉ ፍሬ ነው። ሙሽራዋ አለመገረዟን የሚናገርና ሌሎች ከእሷ እንዲማሩ የሚጠይቅ ጽሑፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቀረበች። ሙሽራው ደግሞ ያልተገረዘች ሴት በማግባቱ ደስተኛ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ አንጠለጠለ። ያልተገረዙ ልጃገረዶች ሚዜ ሆነው አጀቧት።

የሙሽራዋ ጽሑፍ ብዙ ተወርቶለታል። እኔ ግን የዝግጅቱ ምሰሶ የሙሽራው ነው እላለሁ። እናት ልጇን የምታስገርዘው ጠልታት አልነበረም፤ ያልተገረዘች ሴት ባል አታገኝም፣ ብታገባም ዕቃ ትሰብራለች ስለሚባል ነው። ይህን ፍርሃት የሐኪም ማስረጃ ብቻውን አይፈታውም፤ ባል የሆነ ሰው በሕዝብ ፊት ቆሞ «እኔ አለሁ» ሲል ግን ይፈታል። የመድረኩ ምርጫም ብልህነት አለው። ሠርግ የሕዝቡ የራሱ ጉባኤ ነው፤ ዳሱን ማን እንደሚጥል፣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚመርቅ ሁሉም ያውቃል። ለሠርግ አበል አይከፈልም። የመጣው ሰው በገዛ እግሩ መጣ፤ መርቆ ሲመለስም ምስክር ሆኖ ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ሥራው ላይ ሁለት ቅሬታ አለኝ።

አንደኛው ከጽሑፉ ጋር የተያያዘ ነው። የአንዲት ሴት እጅግ የግል ጉዳይ በሺዎች ፊት ሰሌዳ ላይ ወጣ። ሙሽራዋ ፈቅዳ አድርጋዋለች፤ ድፍረቷን የሚያሳንስ ሰው የለም። ነገር ግን በዚያ ዳስ ከታደሙት ሴቶች አብዛኞቹ በልጅነታቸው የተገረዙ ናቸው። ያ ጽሑፍ ለእነሱ ምን ነገራቸው? ፈቃዷን ሳትጠየቅ ተገርዛ ያደገች ሴት ያልተገረዘችው ስትሞገስ ስትሰማ የራሷን አካል እንደ ጉድለት ልታይ ትችላለች። ቦጋለች ራሳቸው የተገረዙ ነበሩ፤ ስለ ደረሰባቸውም በአደባባይ ሲናገሩ ኖረዋል። የእሳቸው ድምፅ በዚያ ሠርግ ምስል ውስጥ ከሙሽራዋ ድምፅ እኩል ቢታይ ኖሮ መልእክቱ ሙሉ ይሆን ነበር። ሚዜ ሆነው የተሰለፉት ልጃገረዶችም ያሳስቡኛል፤ ልጅ ስለ ገላዋ በሕዝብ ፊት ከመናገሯ በፊት እንቢ የማለት በር በእርግጥ ክፍት መሆን አለበት።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ከሠርጉ በኋላ ታሪኩ የተነገረበትን መንገድ ይመለከታል። ግርዛት በከምባታ ከ100 በመቶ ወደ 3 በመቶ ወረደ የሚለው አኃዝ ዘ ኢኮኖሚስትን በመሰሉ ትላልቅ መጽሔቶች ሳይቀር ዞሯል። ለውጡ ትልቅ መሆኑን አልጠራጠርም። ሆኖም ግርዛት ነውርም ወንጀልም ከሆነ በኋላ ለጠያቂ እውነቱን የሚናገር ወላጅ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንደ መዝጊያ ማኅተም መያዝ አደገኛ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው መገረዛቸውን አሳይቷል። ከአኃዙ ጋርም የአንዲት ጀግና ታሪክ ብቻ ተጓዘ፤ እህት ፍቅርተ፣ ሽማግሌዎቹ፣ እድሮቹ፣ ሠርጉን የፈቀዱት ሁለቱ ቤተሰቦች በወሬው መሃል ጠፉ።

ዛሬ በሆሳዕናም በዱራሜም መድረክ የምታዘጋጁ ወጣት ባለሙያዎች የሠርጉን ምስል ብቻ እንዳትወርሱ አደራ እላለሁ። ጽሑፍ ማንጠልጠል ቀላል ነው። ባነር ከማሳተማችሁ በፊት ወደምትጠሩት ሕዝብ ሂዱና ድልድዩ የቱ እንደሆነ ጠይቁ። እኔ ለእኚያ እናት መልስ ያጣሁት ይህን ሳልጠይቅ ስለጠራኋቸው ነው።

ዶክተር ቦጋለች ገብሬ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. አረፉ። ሙሽሮቹ ጽሑፋቸውን አንጠልጥለው በሕዝብ ፊት ሲቆሙ የሴት ልጅ ግርዛትን በአንቀጽ 565 የሚቀጣው የወንጀል ሕግ ገና አልወጣም ነበር፤ ሥራ ላይ የዋለው ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው።